ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ፦ ስለ ያገለገለ ሞተር ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ1996 ሞዴል ኮሮላዬ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ዘይት መብላት ጀመረና መካኒኬ «ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን አስጠርቦ ማደስ) ከምታስገባው ያገለገለ ብትገዛ ይሻልሃል» አለኝ። ሶማሌ ተራ አንድ ሞተር አግኝቻለሁ። ሻጩ የዱባይ ነው ይላል፤ ፑሊውን አዙሮም አሳየኝ። ከመክፈሌ በፊት ምን ላስፈትሽ? (የኮሮላ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ)

ፑሊው መዞሩ የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ነክሶ አልቀረም። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ወልቀው ከነበረ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የመጭመቅ አቅም) ያለቀበት ሞተርም ይዞራል። ካንዴላዎቹ ታስረው እያለ ያለ ትግል ከዞረ ደግሞ ይጠርጥሩ።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። አራቱንም ካንዴላ አሳስሩ፤ በፑሊው ብሎን ላይ እጀታው ረዘም ያለ ቁልፍ አስገብተው፣ ከፑሊው በኩል ሲታይ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ 2 ሙሉ ዙር ያዙሩት። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በ2 ዙር ውስጥ 4 ጊዜ ሊከብድ፣ ቁልፉንም ወደ ኋላ ሊገፋ ይገባል። ሦስቱ ላይ ከብዶ አንዱ ላይ ዝም ብሎ ካለፈ ያ ሲሊንደር አየር አይዝም፤ የኮምፕሬሽን መለኪያ ጌጅ ሳይነካ ሌላ ሞተር ይጠይቁ። ብረት ከብረት እንደተጋጨ ቀጥ ብሎ ከቆመ በጉልበት አይግፉት። ቫልቭ ከፒስተን ጋር ተገናኝቶ ወይም ሲሊንደር ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሊሆን ይችላል። (ይህ የማዞሪያ አቅጣጫ ለቶዮታ ይሠራል። ብዙዎቹ የድሮ ሆንዳዎች በተቃራኒው ነው የሚዞሩት።)

ቀጥሎ ዓይን ነው። ሞተሩ በቤንዚን ታጥቦ ብር ቀለም መቀባቱ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ግን ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀለም የማይደርስባቸውን ቦታዎች ይዩ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ብሎኖች ጭንቅላት ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት ካለ ቴስታታው ተከፍቷል፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ። በዘይት ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) ጠርዝ አዲስ ሲሊኮን ፈንድቶ ከታየም እንደዚያው። ፑሊው የተጣመመ፣ የፊት ሽፋኑ የተሰነጠቀ ወይም የማሰሪያ ብረቱ የተሰበረ ከሆነ መኪናው ከፊት ተጋጭቷል። ኮፓው ወደ ውስጥ ከተረገጠ ፈቶ ማየት የግድ ነው፤ ዘይት የሚስበው ቱቦ አፉ ከኮፓው ወለል በጣም ቅርብ ስለሆነ ትንሽ መረገጥ እንኳ ዘይቱን ያንቀዋል።

ጣትዎን ውሃው በሚወጣበት አፍ ውስጥ ያስገቡ። ቀይ ወይም አረንጓዴ የኩላንት ቅሪት ካገኙ ጥሩ ነው። ቡናማ የዝገት ጭቃ ከወጣ ግን ሞተሩ ዕድሜውን በባዶ ውሃ ነው የኖረው፤ የውሃ መተላለፊያዎቹ ጠብበዋል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ያሰጋል። ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ሞተር ላይ ደግሞ የጎርፍ ምልክት ይፈልጉ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይንና ሻርጃን ያጥለቀለቀው ዝናብ ብዙ መኪና ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር። የደረቀ ደቃቅ ደለል በብሎን ጉድጓዶች፣ በዲናሞው ጀርባና በአየር ማስገቢያው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ እጥበት አይደርስበትም።

ዘይቱን ለመመርመር ያስቡ ይሆናል፤ ለጭነት ሲባል ብዙ ጊዜ ተደፍቶ ነው የሚመጣው። ፊልትሮው ግን ስለሚቀር እርሱን ያስፈቱ። ቆርቆሮውን በመጋዝ ሳይሆን በመቀስ ወይም በቆርቆሮ መክፈቻ ያስከፍቱት፤ መጋዝ የራሱን ብናኝ ይጨምርበታል። ወረቀቱን ዘርግተው ፀሐይ ላይ ይዩት። ጥቂት ጥቁር ካርቦን የተለመደ ነው። ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከብረት ክፍሎች፣ ማግኔት የማይይዘው የመዳብ መልክ ያለው ብልጭልጭ ግን ክራንክ ሻፍቱ ከሚዞርባቸው ብሮንዞች ነው። የመዳብ መልክ ካዩ የላይኛው ንጣፍ አልቋል ማለት ነውና ሞተሩን ይተዉት፤ ዋጋ ቢቀነስልዎትም ይተዉት። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል። አረፋው በቴስታታው ውስጥና በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ካለ ግን ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል።

ካንዴላዎቹን ሲያወልቁ በየቦታቸው በተርታ ያስቀምጧቸው። አራቱም ተመሳሳይ ፈዛዛ ቡናማ መሆን አለባቸው። በዘይት የራሰው የፒስተን ሪንግ ወይም የቫልቭ ጎማ ችግር ያሳያል። ከሦስቱ ተለይቶ ታጥቦ የነጣው ደግሞ የዘይቱን ያህል የሚያሳስብ ነው፤ ወደዚያ ሲሊንደር የሚገባ ውሃ በእንፋሎት እያጠበው ነው። በስልክ የሚሠራ ቀጭን ካሜራ ካገኙ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው የፒስተኑን ራስና ግድግዳውን ይዩ። ግድግዳው ላይ የሚቆራረጡት ቀጫጭን የፋብሪካ ጭረቶች ካሉ ገና ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጭረት ወይም ቀለበት የሠራ ዝገት ካለ አይደለም።

መካኒኬ ኮምፕሬሽን ለካልኝና 140፣ 142፣ 138 እና 112 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አገኘ። መጽሐፉ 191 ስለሚል «ሞተሩ ሞቷል» አለ። ሻጩ ደግሞ ምንም አልሆነም ይላል። ማንን ልመን? ሞተሩ ያው 4ኤ-ኤፍኢ ነው፤ የተለካው አዲስ አበባ ነው። (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱንም ግማሽ ግማሹን። የፋብሪካው መጽሐፍ ቁጥር በባሕር ወለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሲሊንደሩ የሚውጠው አየር ከባሕር ወለሉ ወደ 76 በመቶው ብቻ ነው፤ የጌጁ ንባብም በዚያው መጠን ይወርዳል። ቶዮታ ለ4ኤ-ኤፍኢ 191 መደበኛ፣ 142 ዝቅተኛ ይላል። በ0.76 ሲባዛ ለአዲስ አበባ 145 እና 108 ይሆናል። ስለዚህ 138፣ 140 እና 142 በጣም ጤነኛ ናቸው። መካኒኩ ከፍታውን ረስቷል። ለአዳማና ለሐዋሳ 0.82፣ ለድሬዳዋ 0.86 ቢወስዱ ይቀራረባል።

አራተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። 112 ከዝቅተኛው በላይ ነው ብሎ ሻጩ ሊከራከር ይችላል። ፋብሪካው በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሲመታ 11 ያህል ይሆናል። የእርስዎ ልዩነት 30 ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ግን ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይንቀጠቀጣል።

መንስኤውን ለመለየት በአራተኛው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ንባቡ ወደ 135 ከዘለለ የሚያፈስሰው ፒስተን ሪንጉ ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ደፍኖታል። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ቢወርዱ ኖሮ በመካከላቸው የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነበር የሚጠረጠረው። ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ኮምፕረሰር ባለበት ጋራዥ ሲሊንደሩን በላይኛው የመጭመቂያ ነጥብ ላይ አቁመው አየር ይልቀቁበት፤ ሞተሩ እንዳይዞር ፑሊውን በቁልፍ ይያዙ። አየሩ በአየር ማስገቢያው ከወጣ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫው ከወጣ የማስወጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ሪንግ፣ በውሃው ውስጥ አረፋ ከሠራ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። የማስወጫ ቫልቭ ብቻ ከሆነ ቴስታታ አስፈትቶ ማስጠረብ ይቻላል፤ ወጪውን ከሻጩ ዋጋ ላይ ይቀንሱ።

ልኬቱ ራሱ እንዴት እንደተወሰደም ይጠይቁ፤ ብዙ የተሳሳተ ንባብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁሉም ካንዴላ መውለቅ አለበት፤ አንዱን ብቻ እያወለቁ ከለኩ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይደክማል። የአየር በሩ (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መያዝ አለበት፤ ከተዘጋ ንባቡ ያለ አግባብ ይወርዳል። ባትሪው የሞላ ሆኖ ሞተሩ ቢያንስ በደቂቃ 250 ዙር መዞር አለበት። የጌጁ መርፌ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 5 ወይም 6 ጊዜ እስኪመታ ይጠብቁ። የመጀመሪያው ምት ብቻውን ከመጨረሻው ንባብ ግማሽ በላይ ካደረሰ ሪንጉ ጠንካራ ነው። ቀስ በቀስ እየተንፏቀቀ ከወጣ ደካማ ነው።

መሬት ላይ ላለ ሞተር ሌላ እንቅፋት አለ። የዚህ ሞተር ሞተሪኖ የሚታሰረው በካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ቅርፊት ላይ ነው፤ ካምቢዮ ከሌለ ሞተሪኖ የሚያዝበት ቦታ የለም። ሞተሩን ከነካምቢዮው እንዲያቀርቡልዎት ወይም ባዶ የካምቢዮ ቅርፊት እንዲያስሩበት ይጠይቁ፤ ፍላይዊሉም መኖር አለበት። ሞተሩን በሰንሰለት ከፓሌት ጋር ሳያስሩ ሞተሪኖ አያስመቱ፤ ሲመታ ይገለበጣል። ኔጌቲቩን ከሞተሩ ብረት፣ ወፍራሙን ፖዚቲቭ ከሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ያገናኙ፤ ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከፖዚቲቩ ወደ ትንሿ መነሻ ተርሚናል ሲነኩ ይዞራል።

አንድ ማታለያም አለ። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ወፍራም ዘይት ተደርጎ ይቆይና ኮምፕሬሽኑ ያማረ ይሆናል። ከመለካትዎ በፊት ካንዴላዎቹ ወልቀው፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ተደርቦ ሞተሩን 10 ሰከንድ ያህል ያስዙሩ። ጨርቁ በዘይት ከራሰ ጨርቁ ደረቅ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው አስተፍተው ብቻ ይለኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ቆሞ የነበረ ሞተር ግን በሐቀኝነት የመጀመሪያ ንባቡ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሪንጉ ተጣብቋል። ማታ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት አድርገው ጠዋት ካስተፉ በኋላ ይለኩት።

ሞተሩን አስነሥተው ሊያሳዩኝ ፈቃደኞች ናቸው። ለስንት ጊዜ ይሥራ? ምንስ ልመልከት? (ከቢሾፍቱ)

ውሃ ሳይኖረው የሚነሣ ሞተር ከ1 ደቂቃ በላይ መሥራት የለበትም፤ በ1 ደቂቃም የሚታየው ጥቂት ነው፣ መነሣቱና የብረት ድምፁ ብቻ። ራዲያተር በጎማ ቱቦ አስገናኝተው፣ ወደ 3 ሊትር አዲስ ዘይት አድርገው፣ 20 ደቂቃ ቢሠራ ነው ፍተሻ የሚባለው። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ ገደማ ሲከፈትና ዘይቱ ሲቀጥን ነው የተደበቀው የሚወጣው። ነዳጅ በኢንጀክሽን ስለሚገባ ከነሽቦውና ከነኮምፒውተሩ ያልተነቀለ፣ ማለትም የመኪናው ፊት ተቆርጦ አብሮ የመጣ ሞተር ቢሆን ይቀላል።

በመጀመሪያ የዘይት ግፊት ጌጅ ያስገጥሙ፤ የዳሽቦርዱ መብራት በጣም ዝቅ ሲል ብቻ ነው የሚበራው። ሞተሩ ሞቆ በ3,000 ዙር ከ36 ፒኤስአይ በታች ከሆነ ብሮንዞቹ ወይም የዘይት ፖምፓው አልቀዋል። ሲነሣ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ርካሽ ጥገና ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ሳይቋረጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ሪንግ ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለውና የማይጠፋ ነጭ ጭስ ኩላንት ነው። ከሥር የሚመጣ ወፍራም ማንኳኳት ከሰሙ የካንዴላ ገመዶቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ አንዱ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ ያኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ብሮንዝ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ቀዳዳው ላይ ያኑሩት፤ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም፣ እየተነፋ ከወደቀ ጋዝ በሪንጎቹ አልፎ እየወረደ ነው።

እኛ ዘንድ ሥራው የናፍጣ ነው። ለሃይሉክስ 3ኤል ሞተር ልንገዛ ነው፤ ፍተሻው አንድ ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መሠረቱ አንድ ነው፤ መሣሪያው ግን አይደለም። የቤንዚን ጌጅ እስከ 300 ፒኤስአይ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ናፍጣ ላይ ቢያስገቡት ይሰበራል። ለ3ኤል የሚጠበቀው 455፣ ዝቅተኛው 284 ነው። በደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ እነዚህ ወደ 323 እና 202 ይወርዳሉ። ልኬቱ በካንዴሌታው (ሞተሩ እንዲነሣ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ቀዳዳ ይወሰዳል፤ ናፍጣ እንዳይረጭ በፖምፓው ላይ ያለውን የማጥፊያ ሽቦ ይንቀሉ። በሲሊንደሮች መካከል እስከ 71 ፒኤስአይ ልዩነት ይፈቀዳል፤ ለእናንተ ከፍታ ወደ 50 ይሆናል።

ናፍጣ ኮምፕሬሽን ካነሰው ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ አይነሣም፤ ቀን በሞቀ ሰዓት ግን ይነሣል። ስለዚህ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ሲነሣ በጠዋት ተገኙ፤ ብረቱን በእጅ ዳስሱ። ሌላው ፖምፓው ነው። ያለቀ የናፍጣ ፖምፓ ሞተሩን ሲሞቅ አስቸጋሪ ያደርገዋልና ሞቅ ባለበት አጥፍታችሁ ድጋሚ አስነሡት። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ የራሱን ዘይት እየጠጣ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል፤ ቁልፍ አያጠፋውም። የአየር ማስገቢያውን አፍ የሚዘጋ ወፍራም ጣውላ አጠገባችሁ ይኑር፤ እጅ ግን አታስጠጉ። ቱርቦ ያለው የቶዮታ 2ኤል-ቲ ናፍጣ ሞተር ቴስታታ በመሰንጠቅ ስለሚታወቅ ይህን ሞተር ካሰባችሁ ቴስታታውን አስፈትቶ በግፊት ሳያስመረምሩ መግዛት አይመከርም።

ሻርጃ ነው የምሠራው። አገር ቤት ላለው ወንድሜ 1.3 ቪትዝ ሞተር ልገዛለት ፈልጌ ሻጩ «ሁሉም 1.3 አንድ ነው» አለኝ። እውነት ነው? (ከሻርጃ)

አይደለም። ቪትዝ በ1.3 ፍጹም የተለያዩ ሞተሮች አሉት፤ ለምሳሌ 2ኤንዜድ-ኤፍኢ 1,298 ሲሲ እና 2ኤስዜድ-ኤፍኢ 1,296 ሲሲ። ማሰሪያቸውም ሽቦአቸውም አይገጥምም። 1.0 ላይም እንደዚያው ነው፤ የመጀመሪያው ቪትዝ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ ባለ 4 ሲሊንደር፣ የኋለኛው 1ኬአር-ኤፍኢ ባለ 3 ሲሊንደር ነው። ወንድምዎ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሻንሲውን ኮድ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። እርስዎ ደግሞ ከሻጩ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ያስቀርጹ፤ መጀመሪያ የሞተር ቁጥሩ፣ ከዚያ የቀዘቀዘው ሞተር ሲነሣ፣ ከዚያ የኮምፕሬሽን ጌጁ። ሻርጃ በባሕር ወለል ላይ ስለሆነች ንባቡን በቀጥታ ከመጽሐፉ ያነጻጽሩ። ያው ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ቢነበብ መንገድ ላይ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ለወንድምዎ ይህን ቀድመው ይንገሩት።

ሞተር ስቀይር ሊብሬው ላይ ምን ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለውጡም መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ሲሸጡም ሥራውን ያስቆማል። ስለዚህ ሞተሩን ሲገዙ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይቀበሉ፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተመታ ወይም አዲስ ቀለም የተደረበበት ከሆነ ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት መኪናዎ የተመዘገበበትን ቅርንጫፍ ምን ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ይጠይቁ።

ሞተሩን ገዝቻለሁ፤ ነገ ይገጠማል። ሳይገባ የሚቀየር ነገር ካለ ንገሩኝ። (ከአዳማ)

ሞተሩ ውጭ እያለ በ10 ደቂቃ የሚቀየር፣ ከገባ በኋላ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ብዙ ነው። የክራንክ ሻፍቱን የፊትና የኋላ ዘይት መያዣ ጎማዎች፣ የውሃ ፖምፓውን፣ ቴርሞስታቱን፣ የቫልቭ ሽፋን ጓርኒሲዮኑንና የውሃ ቱቦዎቹን ይቀይሩ። ታይሚንግ ቤልት ያለው ከሆነ ቤልቱንና ወጣሪውን የግድ ይቀይሩ፤ የሠራበት ኪሎሜትር አይታወቅም። የኋላው ጎማ በተለይ አይዘለል፤ ካንጠባጠበ ካምቢዮ መውረድ አለበት፣ ፍሪሲዮኑንም ያበላሻል። ፍሪሲዮንዎን አብረው ያዩት። ካንዴላና ፊልትሮ አዲስ ይሁኑ።

ከድሮው ሞተር የሚዛወሩ ነገሮችን ከመወርወርዎ በፊት ያነጻጽሩ፤ ሴንሰሮቹ፣ የዲናሞው ማሰሪያና የአየር ማስገቢያው አንዳንድ ጊዜ በሞዴል ዓመት ይለያያሉ። ራዲያተሩን ያሳጥቡ፤ የድሮው ሞተር ዝገት አዲሱን እንዳያንቀው።

ከተገጠመ በኋላ ወዲያው አያስነሡት። ካንዴላዎቹ ወልቀው፣ ኢንጀክተሮቹ ተነቅለው፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ወይም ጌጁ እስኪነሣ ድረስ በ10 ሰከንድ ቁርጥራጭ ሞተሪኖ ያስመቱት። በዚህ ጊዜ ብሮንዞቹና ካምሻፍቱ ዘይት ያገኛሉ። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሰው ይግጠሙ፣ ያስነሡት፣ የውሃ ሙሌቱን እያዩ አየር ያስወጡ። የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይድፉት፤ ፊልትሮውንም ከፍተው ይዩት።